ዘበኛውን ከመክሰሳችን በፊት



የሐምሌ ሙቀት በገባ ቁጥር በዚህ ሰሌዳ ፊት ቆመን የምንነጋገረው አንድ ዓይነት ወሬ ነው። የእገሌ ቤት ኤር ኮንዲሽነር ቆመ፤ ሠራተኛ ተጠራ፤ አምስት ደቂቃ አየና «ኮምፕረሰሩ ሞቷል፣ ሙሉው ይቀየር» ብሎ የብዙ ሺሕ ዶላር ወረቀት አስፈርሞ ሄደ። ባለፈው ዓመት በእኛ ረድፍ ብቻ ይህ ሲሆን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። በአንደኛው ቤት ሌላ ባለሙያ ተጠርቶ ሲመረምር፣ የተበላሸችው ከውጭ ባለው ማሽን ውስጥ ያለች፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ የግፊት መጠበቂያ ማብሪያ ሆና ተገኘች። ሠራተኞቹ ፕረዠር ስዊች ይሏታል። ዋጋዋ ከአንድ ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛ አይበልጥም። በሁለተኛው ቤት ግን ማሽኑ ተቀይሯል። አሮጌው ተጭኖ ስለሄደ በእርግጥ ምን ነክቶት እንደነበረ ዛሬ ሊናገር የሚችል የለም።

የእኔ አስተያየት አጭር ነው። ምን ተለካ፣ ስንት ሆነ ተብሎ ሳይጠየቅ ማንም ነዋሪ ወረቀት መፈረም የለበትም። ይህንንም የምለው በሜሪላንድ ሙቀት ቀዝቃዛ አየር የቅንጦት ነገር ስላልሆነ ነው። በየቤታችን የልብና የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው አባቶችና እናቶች አሉ፤ የታችኛው ረድፍ ቤቶች ከቀትር በኋላ ምን እንደሚመስሉ የሚያውቅ ያውቀዋል። የቸኮለና የላበ ሰው ደግሞ የቀረበለትን ሁሉ ይፈርማል።

ነገሩን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞስታት «ቀዝቅዝ» ብሎ ሲያዝ 24 ቮልት የሆነች ደካማ ኤሌክትሪክ ወደ ውጭው ማሽን ይልካል። ይህች ኤሌክትሪክ ኮንታክተር የሚባለውን ትልቁን ማብሪያ ስትስበው ነው 240 ቮልቱ ወደ ኮምፕረሰሩና ወደ ቬንቲሌተሩ የሚገባው። ዘበኞቹ የቆሙት በደካማዋ መስመር ላይ ነው። አንደኛው የጋዙ ግፊት ከመጠን በላይ ሲወጣ መስመሩን ይቆርጣል፤ አር-410ኤ በሚባለው ጋዝ በሚሠሩ ማሽኖች ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከ600 ፒ.ኤስ.አይ በላይ ነው። ሌላው ግፊቱ ከመጠን በታች ሲወርድ ይቆርጣል። ሁሉም ማሽን ሁለቱንም አይዝም፤ አንዱን ብቻ ወይም አንዱንም ያልያዘ አለ።

እንግዲህ ዘበኛው መስመሩን ሲቆርጥ በቤታችሁ የሚታየው ምልክት ይህ ነው፦ ውስጥ ነፋሱ ይነፍሳል፣ ግን አይቀዘቅዝም፤ ውጭ ያለው ማሽን ጭጭ ብሏል። ወይም ደግሞ ይነሣል፣ ጥቂት ደቂቃ ይሠራል፣ ይቆማል፣ ቆይቶ እንደገና ይነሣል። ይህ ምልክት በሌላም ምክንያት ሊመጣ ይችላል፤ ካፓሲተር ሲሞት፣ ብሬከር ሲወርድ፣ ሽቦ ሲላቀቅ። ስለሆነም ምልክቱን አይቶ ብቻ «ስዊቿ ነች» የሚልም «ኮምፕረሰሩ ነው» የሚልም ሁለቱም ጠንቋዮች ናቸው።

ባለሙያ የሆነ ሰው ግን እንዲህ ያደርጋል። ቴርሞስታቱ ማቀዝቀዝ እያዘዘ ሳለ፣ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በስዊቿ ሁለት ሽቦዎች ላይ ያሳርፋል። 24 ቮልት ካነበበ ስዊቿ ተከፍታለች፣ መስመሩን የቆረጠችው እሷ ናት ማለት ነው። ዜሮ አካባቢ ካነበበ ዘግታለች፤ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ይፈለግ። እስከዚህ ድረስ ብዙዎቹ ያውቁታል። የሚሳሳቱት ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ መስመሩን ቆርጣ የተገኘች ስዊች ሁሉ የተበላሸች ይመስላቸዋል። ኧረ ተዉ! ዘበኛ በሩን ስለዘጋ ዘበኛው አብዷል ይባላል እንዴ? ሌባ አይቶ ይሆናላ!

መለያው ጌጅ ነው። ማሽኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ከቆመ በኋላ በውስጡ ያለው ግፊት እኩል ይሆናል፤ መጠኑንም የሚወስነው የውጭው ሙቀት ነው። ለምሳሌ ውጭው 90 ፋራናይት ሲሆን አር-410ኤ በቆመበት 270 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ፣ አሮጌው አር-22 ደግሞ 170 ገደማ ያሳያል። በዚህ ግፊት ላይ ሁለቱም ዘበኞች ዝም ማለት አለባቸው፤ ከፍተኛውም አልተነካም፣ ዝቅተኛውም አልደረሰም። ጌጁ ይህን እያሳየ ስዊቿ አሁንም መስመሩን ቆርጣ ከተገኘች፣ እንግዲያውስ በሽተኛዋ ራሷ ናትና ትቀየር። (በእጅ የምትመለስ ቁልፍ ያላት ከሆነች መጀመሪያ ቁልፏ መጫኗ ይታይ።) ጌጁ የቆመ ማሽን ላይ ደህና ቁጥር ስላሳየ ግን ጋዙ ሙሉ ነው ማለት አይደለም፤ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ያንኑ ቁጥር ያሳያል። ማሽኑ ሲሠራ ግፊቱ በእርግጥ ከልክ እየወጣ ወይም እየወረደ መስመሩ የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ ስዊቿ ሥራዋን እየሠራች ነው፤ አዲስ ብትገዙላትም አዲሷም ትቆርጣለች። ገንዘቡ ወጣ፣ ቤቱ ግን አልቀዘቀዘም።

ታዲያ ግፊቱን ከልክ የሚያወጣው ምንድነው? በእኛ ሰፈር ከሁሉ በፊት የማየው የውጭው ማሽን ላሜራ በቆሻሻ መደፈኑን ነው። ቤቶቻችን ተጠጋግተው የተሠሩ በመሆናቸው የብዙዎቻችን የልብስ ማድረቂያ ትንፋሽ የሚወጣው ከማሽኑ አጠገብ ነው። ያ ብናኝ ላሜራው ላይ እንደ ብርድ ልብስ ይለብሳል፤ በላዩ የሣር ቁርጥራጭ ይጨመርበታል። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ይወጣል፣ ዘበኛው ይቆርጣል። የቬንቲሌተሩ ሞተር ሲደክምም እንዲሁ ነው።

ዝቅተኛው የሚቆረጥበት ምክንያት ደግሞ ከባህላችን ጋር የተያያዘ ነው ብል አትቀየሙኝ። እማማዎቻችን «ነፋስ ይመታኛል» ብለው የአየር መውጫውን በካርቶን ወይም በነጠላ ይደፍኑታል። እውነታቸውን ነው፣ ቀዝቃዛ ነፋስ ትከሻ ላይ ሲያርፍ አይመችም። ነገር ግን ብዙ መውጫ ከተደፈነ፣ በዚያ ላይ ፊልትሮው ከቆሸሸ፣ ውስጥ ያለው ቱቦ በቂ አየር ስለማያልፍበት በረዶ ይሠራል፣ ግፊቱም ይወርዳል። አልጋውን ወይም ወንበሩን ማዞር ይሻላል። በረዶ ካያችሁ ማቀዝቀዣውን አጥፍታችሁ ነፋሱን ብቻ ተዉት፣ ይቀልጣል።

ሁለተኛው ምክንያት የጋዝ መፍሰስ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ጋዝ እንደ ቤንዚን እየነደደ አያልቅም። ዝግ በሆነ ቱቦ ውስጥ ይዞራል እንጂ። በየዓመቱ «ጋዝ ላስሞላ» የሚል ጎረቤት በየዓመቱ ለቀዳዳ እየከፈለ ነው። ቀዳዳው ይፈለግ። በተለይ አር-22 ያለው ሰው ይህን ያስብበት፤ በአሜሪካ አዲስ ማምረቱና ማስገባቱ ከጥር 1 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለተከለከለ የሚሸጠው የተከማቸውና ከአሮጌ ማሽን ተሰብስቦ የተጣራው ነው፤ ርካሽም አይደለም።

በሌላ ወገን ደግሞ «እኔ አውቃለሁ» ባይ ጎረቤት አለን። በደግነት ይመጣል፣ ሁለቱን የስዊች ሽቦዎች አንድ ላይ ያገናኛል፣ ማሽኑ ይነሣል፣ ይመረቃል፣ ቡና ይፈላለታል። ይህን ሥራ አጥብቄ እቃወማለሁ። ባለሙያ ለምርመራ ለአፍታ ቢያገናኘውና ጌጁን እያየ ቢከታተል አንድ ነገር ነው። አገናኝቶ ትቶ መሄድ ግን ዘበኛውን አስሮ በሩን ከፍቶ መተኛት ነው። ያኔ በርካሽ ስዊች ያልቅ የነበረው ነገር ኮምፕረሰሩን አቃጥሎ ያርፋል፤ ያ የመጀመሪያው ሠራተኛ የተናገረው ውሸትም እውነት ይሆንለታል። በተጨማሪም ክዳኑ ሥር 240 ቮልት አለ፤ ካፓሲተሩም መብራቱ ከጠፋ በኋላ እንኳ ጉልበት ይዞ ሊቆይና ሰው ሊመታ ይችላል። ጌጅ መሰካትም ቢሆን በአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ መሠረት የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ሥራ ነው፤ አውቆ ጋዙን ወደ አየር መልቀቅም የተከለከለ ነው።

ስለዚህ ሠራተኛ ሲመጣ የምትጠይቁት ይህ ይሁን። ስዊቿ ላይ ስንት ቮልት አነበብክ? ሲቆም ግፊቱ ስንት ነበር፣ ሲሠራስ? የውጭው ሙቀት ስንት ነበር? ይህን በወረቀት ጻፍልኝ በሉት። ጨዋ ባለሙያ በዚህ አይቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። «ምን አገባህ» ካለ ሌላ ሰው ጥሩ። ስዊቿ ትቀየር ከተባለም፣ በብሎን የምትፈታ ናት ወይስ የተበየደች ብላችሁ ጠይቁ፤ በብሎን የምትፈታውና ከሥሯ መዝጊያ ያላት ጋዙ ሳይወጣ ትቀየራለች፣ የተበየደችው ግን ጋዙ መሰብሰብ ስላለበት የሥራው ዋጋ ከፍ ቢል አያስገርምም። እውነተኛ ሠራተኛን ያለ አግባብ መጠርጠርም ነውር ነው።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ደግሞ በግንቦት አንድ ቅዳሜ መርጠን የውጭ ማሽኖቹን በጋራ እንድናጥብ ነው። ከማሽኑ አጠገብ ያለው የኤሌክትሪክ መቁረጫ ይነቀላል፣ በተራ የአትክልት ጎማ በቀስታ ውኃ ይለቀቅበታል፤ በኃይለኛ ግፊት የሚረጨው ማጠቢያ ላሜራውን ስለሚያጣምም አይሆንም። አቅም የሌላቸውን አረጋውያን ማሽን ወጣቶቹ ያጥቡላቸው። እስከዚያው ግን ሁላችሁም ከማሽኑ ጎን ካለችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ የጋዙን ዓይነትና የተሠራበትን ዓመት ገልብጣችሁ ማቀዝቀዣ በር ላይ ለጥፉት፤ በሙቀት ቀን በባትሪ መብራት ከመፈለግ ያድናል።