ዱሮ ደግ ነበር ለሚሉ ሰዎች

ሰው ያለፈውን ዘመን የሚያመሰግንበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ከምክንያቶቹ ሁሉ ደካማው ግን ዘፈን ነው። ይህን የምለው ዘፈንን በመናቅ አይደለም። ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ሆነ መዝሙርን በአራት ድምፅ ከፍሎ መዘመርን ከፊደል ጋራ አብሬ ተምሬአለሁ፤ ዜማ የሰውን ልብ ምን ያህል እንደሚገዛም አውቃለሁ። የምነቅፈው ዘፈኑን ሳይሆን፥ በዘፈኑ ተደግፎ በዘመንና በሰው ላይ የሚሰጠውን ፍርድ ነው።

ከመምህርነት ሥራዬ በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህ፥ ሎንዶን ከተማ ከምትኖረው ልጄ ዘንድ እየሄድሁ ወራት እቀመጣለሁ። በዚያ አገር አንድ ልማድ አየሁ። ዓርብ ማታ እንደ እኔ ጠጉራቸው የሸበተ ሰዎች ከቴሌቪዥን ፊት ይቀመጡና፥ በወጣትነታቸው ያዩትን የዘፈን ዝግጅት እንደገና ያያሉ። ስሙ «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» ይባላል። ላላየው አንባቢ ጥቂት ላስረዳ፤ የውጭውን አገር ነገር ስጽፍ ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር፥ ያገራችንን ስጽፍ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓ.ም. እየተባለ መሆኑን አስቀድሜ አመለክታለሁ።

ቢ.ቢ.ሲ. ይህን ዝግጅት የጀመረው ጃንዋሪ 1 ቀን 1964 በማንቸስተር ከተማ፥ ቀድሞ የሜቶዲስቶች ቤተ ክርስቲያን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። (የሚሲዮን ልጅ ነኝና ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልቻልሁም።) ለጥቂት ሳምንት ታስቦ የተጀመረው ነገር እስከ ጁላይ 30 ቀን 2006 ድረስ 42 ዓመት ቆየ። ሕጉ ቀላል ነው፤ በዚያ ሳምንት ሸክላቸው ብዙ ከተሸጠላቸው ዘፋኞች ጥቂቶቹ ይቀርባሉ፤ ሽያጩ ወደ ታች የወረደ ዘፈን አይጠራም፤ በመጨረሻ አንደኛ የወጣው ይዘፈናል። በደኅና ዘመኑ በሳምንት እስከ 15 ሚሊዮን የሚደርስ ሰው ያየው ነበር። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ የቢ.ቢ.ሲ. አራተኛው ጣቢያ የ1976ቱን ዝግጅት አውጥቶ፥ ከዚያም ዓመቱን ተከትሎ ወደ ፊት እየሄደ ሲያሳይ ቆይቷል።

ለልጄ አንድ እንግሊዛዊ ጎረቤት አላት፤ በዕድሜ እኩያዬ፥ በጠባዩ ደግ ሰው ነው። ይህን ዝግጅት አብረን ስናይ ሁልጊዜ አንድ ቃል ይናገራል፤ «በእኛ ጊዜ ዘፈን ነበረ፤ የዛሬ ልጆች የሚያውቁት ጩኸት ነው» ይላል። ይህን ሲል የልጅ ልጁ ከጎኑ ተቀምጧል። ልጁ ግን መልስ አይሰጥም፤ አሳድገውታልና።

እኔ ስለ ልጁ መልስ ልስጥ። ከፊታችን ያለው መስኮት ራሱ ጎረቤታችንን ሐሰተኛ ያደርገዋል። አንድ ዝግጅት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይነሣ የተመለከተ ሰው፥ በእኔ ግምት ከአሥር ዘፈን ሰባቱን በትዕግሥት እንጂ በደስታ አይሰማውም። በ1967 የቢትልስ «ፔኒ ሌን» እና «ስትሮውቤሪ ፊልድስ ፎርኤቨር» በአንድ ሸክላ ታትመው ሲወጡ፥ ዛሬ ሁሉ የሚያከብራቸው እነዚህ ሁለት ዘፈኖች አንደኛ ሳይሆኑ ቀሩ፤ የከለከላቸው የኢንግልበርት ሐምፐርዲንክ የፍቅር እንጉርጉሮ ነው። በ1971 በገና ሳምንት አንደኛ የሆነው አንድ ቀልደኛ ስለ ወተት አዳይ ያወጣው ጨዋታ ነበር። በ1981 አልትራቮክስ የተባሉት ጓዶች «ቪየና» የተባለውን ዘፈናቸውን ይዘው ሦስት ሳምንት ሁለተኛ ሆነው ሲጠብቁ፥ በላያቸው የተቀመጠው ጆ ዶልቼ ጣሊያኖችን እየመሰለ የዘፈነው ቀልድ ነው። ታዲያ «የእኛ ጊዜ» የቱ ነው? ሰው ያን ጊዜ ቀልዱን ገዝቶ ዛሬ «ቪየና»ን ያመሰግናል! ደረጃው የሱቅ ቆጠራ ነው፤ ስንት ሸክላ ወጣ የሚለውን እንጂ የትኛው መልካም ነው የሚለውን ተጠይቆ አያውቅም።

ዘፋኞቹም አብዛኛውን ጊዜ አይዘፍኑም ነበር፤ ድምፁ ከሸክላ ይወጣል፥ እነርሱ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ጎረቤታችን የዛሬዎቹን «በመኪና ይዘፍናሉ» እያለ ሲወቅስ ይህን አያስታውስም። በትምህርት ቤታችን መዘምራን መካከል ድምፁን ሳያወጣ አፉን ብቻ የሚከፍት ልጅ ሲገኝ፥ መምህራችን ጆሮውን ወደ ልጁ አፍ አስጠግቶ ዝም ብሎ ይቆም ነበር፤ ልጁም ላብ በላብ ይሆናል። በዚያ መስኮት ላይ ያለውን ሁሉ መምህራችን እንዲህ ቢመረምረው ኖሮ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

የሰው ትዝታ መራጭ ነው። ጣፋጩን ያስቀምጣል፥ መራራውንና ተራውን ይጥላል፤ ከዚያም የቀረውን ይዞ «ዘመኑ ይህ ነበር» ብሎ ይምላል። ቴፕ ግን አይመርጥም፤ የቀረጸውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የቆየ ዝግጅት ይታይ ወይስ አይታይ ብሎ ለሚጠይቀኝ፥ ይታይ፥ ሙሉውን ይታይ እላለሁ። ለናፍቆት መድኃኒት ሳይሆን ለምስክርነት ይታይ። እንዲያውም ምስክሩ ጥቂት በመሆኑ አዝናለሁ። በ1960ዎቹ የሥዕል ቴፕ ውድ ስለ ነበረ ቢ.ቢ.ሲ. አንዱን ጠርጎ በላዩ ሌላ ይቀርጽበት ነበር፤ ቢትልስ ጁን 16 ቀን 1966 በዚያ መድረክ ላይ የቆሙበት እንኳ ጠፍቶ፥ ኋላ የተገኘው አጭር ቁራጭ ብቻ ነው። ዛሬ እጅግ የሚናፈቀውን ያን ጊዜ የያዙት ሰዎች ለመጠበቅ የሚገባው ነገር አድርገው አልቈጠሩትም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እደርሳለሁ። የ1964ቱን የመጀመሪያ ዝግጅት ያቀረበው፥ በ2006ም የመጨረሻውን ካቀረቡት አንዱ የሆነው ጂሚ ሳቪል ነው። በሕይወቱ ሳለ የተከበረ፥ «ሰር» የተባለ ሰው ነበር። በ2011 ሞተ፤ በ2012 ግን ለብዙ ዓመታት ልጆችንና ሴቶችን ሲደፍር መኖሩ ተገለጠ። በዴም ጃኔት ስሚዝ የተመራው ምርመራ በ2016 ባወጣው ጽሑፍ፥ ሰውዬው ከቢ.ቢ.ሲ. ሥራው ጋራ በተያያዘ 72 ሰዎችን እንደ በደለ ገለጸ፤ በደሉ ከደረሰባቸው ስፍራዎች አንዱም ይኸው የዘፈን ዝግጅት ነው። ከዚያ ወዲህ እርሱ ያቀረባቸው ሳምንቶች እንደገና አይታዩም፤ ይዘለላሉ።

ታዲያ ተመልካቹ ምን ይላል? «ምነው ትዝታችንን አበላሹብን!» የሚል አለ። ይህን ቃል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ በሰማሁም ጊዜ ተቈጣሁ። ከመድረኩ ሥር ቆመው የሚጨፍሩት ልጃገረዶች የሰው ልጆች ናቸው፤ ከእነርሱ መካከል ያን ምሽት እስከ ዛሬ በእንባ የምታስታውስ ልትኖር ትችላለች። የእርሷ ትዝታ ሳይቈጠር የማን ትዝታ ነው ተበላሸ የሚባለው? በደል የፈጸመ ሰው ፊት ለዓርብ ማታ መዝናኛ አለመቅረቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን የተዘለለው ሳምንት ለምን እንደ ተዘለለ ተመልካቹ ይወቅ። ያ ባዶ ቦታ የታሪኩ ክፍል ነው፤ ምናልባትም ከዘፈኖቹ ይልቅ ስለ ዘመኑ ብዙ የሚናገረው እርሱ ነው።

የሌላውን አገር ኃጢአት ቈጥሬ የምሄድ እንዳልመስል፥ እኛን ወደሚነካው ልለፍ። የ1984ቱ የገና ዝግጅት የተዘጋው ባንድ ኤይድ በተባሉት የዘፋኞች ማኅበር ነው። ዘፈኑ «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» የሚል ስም ያለው፥ ስለ አገራችን ረኃብ የወጣ ነው። ማይክል በርክ ከኮረም የላከው ዜና ኦክቶበር 23 ቀን 1984፥ ማለት ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢ.ቢ.ሲ. ታየ፤ ቦብ ጌልዶፍ አየው፤ ያ «ቪየና» ሁለተኛ የቀረበት ሚጅ ዩርና እርሱ ዘፈኑን አወጡ፤ ሸክላው ከሦስት ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ አምስት ሳምንትም አንደኛ ሆነ። በዚያ የገና ዝግጅት ላይ ቦኖ የተባለው ዘፋኝ ስላልተገኘ ፖል ዌለር በቦኖ ድምፅ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ከአራተኛው መቶ ዓመት፥ ከንጉሥ ኢዛና ጀምሮ የክርስቶስን ልደት ለሚያከብር ሕዝብ «ያውቃሉን?» የሚል ጥያቄ ምን ያህል እንግዳ እንደ ሆነ መተንተን አያሻኝም። ገናችንም ታኅሣሥ 29 ነው፤ እነርሱ በዘፈኑበት ቀን ገና ገና አልደረሰም ነበር። ቢሆንም ስንዴው ስንዴ ነው፤ የተቀበለው ሰው የዘፈኑን ቃል አልመረመረም፤ እኔም ዛሬ ለጋሶቹን አልወቅስም።

ጎረቤታችን ይህን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረና፥ «ያ ገና እንዴት ደስ ይል ነበር!» አለ። ከክፋት የመነጨ ቃል አይደለም፤ እርሱ የሚያስታውሰው በረዶውን፥ ጓደኞቹን፥ ያን ጊዜ እጮኛው የነበረችውን ሚስቱን ነው። እኔ በ1977 ዓ.ም. የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ መምህር ሆኜ ወሎ ነበርሁ። ጧት ስም ስጠራ «አቤት» የሚለኝ ድምፅ ከሳምንት ወደ ሳምንት እየቀነሰ ሄደ። በመዝገቡ ላይ «ቀሪ»፥ «ቀሪ»፥ «ቀሪ» እያልሁ ጻፍሁ፤ ኋላም መጻፉን ተውሁ፤ ምክንያቱም «ቀሪ» የሚባለው ነገ የሚመጣ ተማሪ ነው። አንዱ ሰው ደስ ብሎት የሚናፍቀው ወር፥ ለሌላው ይህ ነው። ሁለታችንም አንድ መስኮት እያየን ነበር።

አንድ ወጣት ያገሬ ልጅ ይህን ሲሰማ፥ «ጋሼ፥ እርስዎስ በወጣትነትዎ የሰሙት ዘፈን አይናፍቅዎትም?» ብሎ ጠየቀኝ። ይናፍቀኛል፤ ለምን አይናፍቀኝም? ነገር ግን እኛም በራሳችን ዘፈን የምንሠራው ያንኑ ስለ ሆነ ዝም ማለት አልቻልሁም። አምኃ እሸቴ በ1969 በአውሮፓ አቆጣጠር የጀመረው የሸክላ ሥራ፥ ኋላም ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ብሎ ለዓለም ያቀረበው ዜማ በውነት የሚያኮራ ነው። ይሁን እንጂ «ወርቃማው ዘመን» ብለን ስንሰይመው፥ በዚያው ዘመን፥ አዲስ አበባ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፈርባት፥ ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ያለቀው ሕዝብ ወዴት ገባ? የዳንኪራው ድምፅ ከደሴ ወዲያ አይሰማም ነበርን? ወርቁ ለማን እንደ ነበረ ሳይጠየቅ ዘመንን ወርቃማ ማለት፥ በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ነው።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ ይኖራል። ደስታንና ረኃብን በአንድ መስኮት አጣምሮ ማሳየት የደርግ ሥራ ነው ይለኛል። እውነት ነው፤ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀር፥ የጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ረኃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋራ ተቀላቅሎ በቴሌቪዥን ታይቷል። ያን የሠሩት ሰዎች ግን ቈርጠው ቀጠሉ፤ ተመልካቹ እነርሱ የፈለጉትን እንዲያስብ አንዱን ሥዕል በሌላው መካከል ሰነጉት። በኋላ የ1977ቱ ረኃብ በራሳቸው ዘመን ሲመጣ፥ አሥረኛውን የአብዮት በዓል እያሸበረቁ እርሱን ከካሜራ ፊት ለማራቅ ደከሙ። እኔ የምለው መቍረጥና መቀጠል አይደለም። ዘፈኑም ሙሉውን፥ ዜናውም ሙሉውን፥ እያንዳንዱ በየራሱ፥ ማንም ሳይከልሰው ይቅረብ ነው።

ስለዚህ የዚያ ጣቢያ ሰዎች ቢሰሙኝ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። የ1984ቱን የገና ዝግጅት ዳግመኛ በሚያሳዩበት ማታ፥ አስቀድመው የጥቅምቱን የኮረም ዜና ያሳዩ፤ ርዝመቱ ከጥቂት ዘፈኖች አይበልጥም፥ ቴፑም በእጃቸው ነው። ጎረቤታችንም የልጅ ልጁም ተቀምጠው ይዩት። ከዚያ በኋላ በረዶውና መብራቱ፥ ዘፋኞቹም ይምጡ፤ እኔም አብሬአቸው ተቀምጬ አያለሁ።