ቅጠል እያቃጠሉ ማዳበሪያ ፍለጋ



ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲደርቅ ጧት ጧት ሰፈራችን በጭስ ይታፈናል። የማንጎው ቅጠል፣ የቀርከሃው ቅጠል፣ የበቆሎው አገዳ ተጠርጎ በየደጁ ይነዳል። ያው ያቃጠለው ሰው መልሶ “ጎመን እንዳልተክል ማዳበሪያ ከየት ላምጣ?” ይለናል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ አይደል!

ጎመኑም ቲማቲሙም በብር ይገዛል። ብር ያነሰ ቀን ልጆች እንጀራቸውን በሽሮ ብቻ ይበላሉ። ጓሮው ግን ባዶውን ተኝቷል።

የፋብሪካ ማዳበሪያ በጂቡቲ በኩል ከውጭ የሚመጣ ነው። በ2014 ዓ.ም. በዓለም ገበያ ዋጋው ሲንር ገበሬው ምን ያህል እንደተጨነቀ አይተናል። ለሁለት መደብ ጎመን እሱን ደጅ መጥናት ምን አመጣው? እነ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ከትግራይ ገበሬዎች ጋር ብስባሽን በማሳ ሲሞክሩ፣ ብስባሽ ያገኘው መሬት ምንም ካላገኘው እጅግ የበለጠ ምርት ሰጥቷል።

አሠራሩ ብዙ ትምህርት አይጠይቅም። ጥላ ሥር አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ። ደረቅ ቅጠል፣ እርጥብ ሣርና የወጥ ቤት ልጣጭ፣ እበት ወይም የፍየል በጠጥ፣ ጥቂት አፈር እያነባበራችሁ ውሃ አርከፍክፉ፤ ሸፍኑት። በየሦስት ሳምንቱ አገላብጡት። በሦስት አራት ወር ጠቁሮ የጫካ አፈር የሚሸት ከሆነ ደርሷል። በኅዳር የጀመረ ሰው ለግንቦት ዝናብ ይደርስለታል። ያኔ ባሚያውን፣ ዱባውን፣ ቃሪያውን መዝራት ነው።

“ምስጥ ይፈጀዋል” የምትሉ፣ ምስጥ የሚወደው ደረቁን ነው። ጉድጓዱን አታድርቁት፤ ያልበሰለውንም መደብ ላይ አትበትኑ። “ፍየል ይገባል” የምትሉ፣ ቀርከሃ በሞላበት አገር አጥር ቸገረን ይባላል እንዴ? ትል ለመጣበት፣ ሚጥሚጣና ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ውሃ ውስጥ አሳድሮ፣ ጥቂት ሳሙና ጨምሮ፣ አጥልሎ መርጨት ነው። ስሙ ያልተጻፈበትን የጠርሙስ መርዝ ግን ልጆቻችሁ በሚበሉት ጎመን ላይ አትርጩ!

ስለዚህ ማኅበራችን የሚለው አንድ ነው፦ ክብሪቱ ይቀመጥ፣ ዶማው ይነሣ!

የማኅበሩ ጸሐፊ
አሶሳ