ከዕቃው በፊት ትምህርቱን ጠይቁን
(ግልጽ ደብዳቤ)

በየደረጃው ለምትገኙ የትምህርት ቢሮና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣
የመምህራን ሥልጠና ለምታዘጋጁ ባለሙያዎች፣

ጉዳዩ፦ ቴክኖሎጂ ወደ ክፍል የሚገባበትንና መምህራን የሚሠለጥኑበትን አሠራር ይመለከታል

የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ይህን የምጽፈው ቴክኖሎጂ ወደ ክፍሌ አይግባ ብዬ አይደለም። በዓይን የማይታየውን ኤሌክትሮን በጠመኔ ሥሎ የሚያስተምር ሰው የተንቀሳቃሽ ምስልን ጥቅም ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ቅሬታዬ አሠራሩ ላይ ነው። ዕቃው ቀድሞ ይገዛል፤ መምህሩ ስለ ዕቃው አጠቃቀም ይሠለጥናል፤ በዕቃው የትኛው ትምህርት፣ የትኛው የተማሪ ችግር እንደሚቃለል ግን የሚጠይቅ የለም።

የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርቱን አስታውሱ። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት ይሠራጭ ጀመር። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ነበር። 40 ደቂቃ ገደማ ከሆነው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉን ስርጭቱ ይወስድ ነበር፤ ለመምህሩ መግቢያና ማጠቃለያ የሚናገርባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ይቀሩት ነበር። ስርጭቱን ማቆምም ሆነ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም ነበር። ተማሪ እጁን አውጥቶ “አልገባኝም” ሲል ስክሪኑ ይቀጥል ነበር። መብራት ከጠፋም የዕለቱ ትምህርት ያመልጥ ነበር።

ዓላማው መልካም እንደነበር አልክድም። ብቁ መምህር ባልተገኘበት ወረዳ የሚማረው ልጅ ከከተማው ልጅ እኩል እንዲማር ታስቦ ነው። ነገር ግን የተወሰነው ያለ መምህሩ ነበር፤ ውጤቱም መምህሩን ከገዛ ክፍሉ አገለለው። በሌላ ሰው ትምህርት ዳርና ዳር ጥቂት ደቂቃ እንዲናገር የተፈቀደለት ሰው ትምህርት የማቀድ ልምዱ ይዳከማል። በዚያን ጊዜ የተጎዳው ይህ ሙያዊ ልምድ ነው፤ እስካሁንም በሚገባ አልታከመም።

ዛሬ የዕቃው ስም ተቀይሯል። ታብሌት፣ ስማርት ሰሌዳ፣ ዲጂታል መማሪያ እንላለን። አሠራሩ ግን ያው ነው። ከልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች የተሰበሰብን መምህራን አንድ አዳራሽ ውስጥ እንቀመጣለን፤ የአማርኛ መምህሩም የኬሚስትሪ መምህሯም አንድ ዓይነት ስላይድ ያያሉ። አሠልጣኙ ራሱ በቅርቡ የአሠልጣኞች ሥልጠና ወስዶ የመጣ ነው። ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ ሲወርድ የቆየው ሥልጠና እኛ ዘንድ ሲደርስ የሚቀረው ዕቃው እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ነው። ሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው የሠለጠነው ሰው ብዛት ነው። ከሥልጠናው በኋላ ክፍል ውስጥ ምን እንደተለወጠ ለማየት የመጣ ሰው አላጋጠመኝም።

ክፍል ውስጥ ያለውን ችግር በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ተማሪዎቻችን የኦምን ሕግ ቀመር በቃላቸው ያውቁታል፤ ቁጥር ሰጥተን “አስሉ” ብንላቸው ብዙዎቹ ያሰላሉ። ግን እንዲህ ብላችሁ ጠይቋቸው፦ ሁለት ተመሳሳይ አምፖሎች ከባትሪ ድንጋይ ጋር በተከታታይ ቢያያዙ የትኛው ይበልጥ ይበራል? ብዙዎቹ “የመጀመሪያው” ይላሉ። ለምን ሲባሉ “ኮረንቲውን እሱ ቀድሞ ስለሚጠቀመው ለሁለተኛው ትንሽ ነው የሚደርሰው” ብለው ያስረዳሉ። ኮረንቲ በመንገድ ላይ እየተበላ የሚያልቅ ይመስላቸዋል። ይህ የኛ ልጆች ስንፍና አይደለም፤ በብዙ አገር የፊዚክስ መምህራን የሚያውቁት የተለመደ የተሳሳተ ግንዛቤ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት በየትኛውም ሥልጠና አይደለም። የፊዚክስ መምህራን ተሰብስበን የተማሪዎቻችንን የፈተና ወረቀት እያገላበጥን “ይህ ልጅ ምን አስቦ ነው እንዲህ የመለሰው?” ስንባባል ነው።

ይህ ከታወቀ በኋላ ቴክኖሎጂው ቦታውን ያገኛል። መጀመሪያ ልጆቹ ግምታቸውን ይጽፋሉ። ቀጥሎ በባትሪ ድንጋይ፣ በሽቦና በትንንሽ አምፖል ይሞክሩታል፤ ሁለቱም እኩል ሲበሩ ያያሉ። ከዚያ በኋላ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በነፃ ያቀረበውን ፌት የተባለ ማሳያ እንከፍታለን። አስቀድሞ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኤሌክትሮኖቹ ከአምፖሉ በፊትም በኋላም በእኩል ፍጥነት ሲጓዙ ሲያዩ ጥያቄያቸው ይጎርፋል፤ “ታዲያ የሚያልቀው ምንድን ነው?” ይላሉ። ስለ ኃይል ማስተማር የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። ያንኑ ማሳያ ግምታቸውን ሳልጠይቅ ገና በመግቢያው ብከፍተው እንደ ፊልም አይተውት ያልፉ ነበር።

እንዲህ ላለው ሥራ ጊዜ በወረቀት ላይ አለ፤ በመምህራን ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ማዕቀፍ መሠረት አንድ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ሙያውን በማሻሻል ማሳለፍ አለበት። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ሆኖም ሰዓቱ የሚመዘነው በፖርትፎሊዮ ውፍረት ሆኗል። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ፋይሉ ይታያል፣ ፊርማና ማኅተም ይቆጠራል፣ ክፍሉ ሳይታይ ይመለሳል። ከላይ የነገርኳችሁ በፈተና ወረቀት ላይ የተደረገው ውይይት ደግሞ ቅጽ ስለሌለው በየትኛውም ፋይል ውስጥ አይገኝም። በጃፓን ግን መምህራን አንድ ትምህርት አብረው ያቅዳሉ፤ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ተቀምጠው ተማሪዎቹን ይከታተላሉ፤ በኋላም ባዩት ላይ ይወያያሉ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ልማድ ነው። ለዚህ አዳራሽም አበልም አያስፈልግም፤ በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ውስጥ የተጠበቀ ጊዜ ግን ያስፈልጋል።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በመምህራን ሥልጠና ላይ አልጭንም። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ጊዜ የመምህሩን ትንሽ ሰዓት ዕቃ በመክፈትና በመዝጋት ማባከን ትልቅ ጥፋት ነው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። የሚቀጥለውን ግዥ ከመፈረማችሁ በፊት በየትምህርት ክፍሉ ያለነውን መምህራን “ተማሪዎቻችሁ የቱ ላይ ይቸገራሉ?” ብላችሁ ጠይቁን። ከ60ው ሰዓት ቢያንስ ግማሹን አንድ ዓይነት ትምህርት የምናስተምር መምህራን በራሳችን ትምህርት ቤት እንድንሠራበት ልቀቁልን። ሱፐርቫይዘሮቻችሁም ከፋይሉ በፊት ክፍላችን ገብተው አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይቀመጡ። የእኔ ክፍል በር ከነገ ጀምሮ ክፍት ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የፊዚክስ መምህር