ኮዱ ተከፍቶ መዝገቡ ከተዘጋ

«ሎኬሽን ላክልኝ» ሳይባል የሚያልፍ ቀን የለም። ታክሲ የጠራ ሰው፣ ዕቃ የሚያደርስ ሞተረኛ፣ ለቅሶ ቤት የሚፈልግ ዘመድ፣ ሁሉም ስልኩ ላይ ባለችው ሰማያዊ ነጥብ ይመራል። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በቅጡ ባልተለመደበት አገራችን የነጥቧ ጥቅም እጅግ ትልቅ ነው። ነጥቧን እዚያ ያስቀመጣት ማን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። ቦታ የሚነግረን ሶፍትዌር ኮዱ ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት የሚሉ ባለሙያዎች ለዓመታት ደክመዋል፤ ድካማቸውም ፍሬ አፍርቷል። እኔ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም እላለሁ። ሶፍትዌሩ ቦታ የሚጠይቅበት የመረጃ መዝገብም የጋራ ሀብት ካልሆነ፣ የኮዱ መከፈት መንገድ ላይ ይቀራል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ብዙ ሰው ሳተላይት ከላይ ሆኖ የሚያየው ይመስለዋል። የሚሆነው የተገላቢጦሽ ነው። ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ያለማቋረጥ ያሰራጫሉ፤ ስልኩም ቢያንስ የአራቱን ምልክት ተቀብሎ ያለበትን ቦታ ራሱ ያሰላል። ወደ ሳተላይቱ የሚላክ አንዳች ነገር የለም። ሥርዓቱን የገነባው የአሜሪካ ጦር ቢሆንም፣ ለዓለም ሕዝብ የተከፈተው በፖለቲካ ውሳኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የኮሪያ አየር መንገድ አውሮፕላን መስመር ስቶ ወደ ሶቪየት ኅብረት የአየር ክልል በመግባቱ ተመትቶ 269 ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ ፕሬዚዳንት ሬገን ጂፒኤስ ሲጠናቀቅ ለሲቪል አገልግሎትም እንደሚውል አስታወቁ። በ2000 ደግሞ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ለሲቪሎች በሚደርሰው ምልክት ላይ ሆን ተብሎ ይደረግ የነበረውን የጥራት ቅነሳ አስቆሙ። ዛሬ ገበሬውም መርከበኛውም ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ሳይከፍልና ሳይመዘገብ ይጠቀምበታል።

ጂፒኤስ ግን ጣሪያ ሥር ሲገባ ይደክማል። ፎቅ በበዛበት ሰፈር ይሳሳታል፤ አብዛኛው ላፕቶፕ ደግሞ ጭራሹን መቀበያው የለውም። ይህን ክፍተት የሚሞላው ሌላ ዘዴ ነው። መሣሪያው በዙሪያው ያሉትን የዋይፋይ ማሰራጫዎችና የሞባይል ማማዎች መለያ ቁጥር ሰብስቦ በኢንተርኔት ወደ አንድ ሰርቨር ይልካል። ሰርቨሩ የትኛው ማሰራጫ የት እንደሚገኝ የሚያሳይ ግዙፍ መዝገብ አለው፤ ከመዝገቡ አመሳክሮ «እዚህ ነህ» ብሎ ይመልሳል። ከሳተላይቱ ጋር የነበረው ግንኙነት ማዳመጥ ብቻ ነበር፤ ከሰርቨሩ ጋር ያለው ግን ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ባለበት ደግሞ ጥያቄውን የሚሰማና የሚያስቀምጥ አካል አለ። ትልልቆቹን መዝገቦች የያዙት ጥቂት ኩባንያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአይፎን የዋይፋይ ሎኬሽን የሚሠራው ስካይሁክ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መዝገብ ነበር። በኋላ አፕልም ሆነ ጉግል የየራሳቸውን መዝገብ በደንበኞቻቸው ስልኮች አማካይነት አደራጁ። መዝገቡን በእግራችን እየዞርን የሞላነው እኛው ስንሆን፣ ቁልፉ ያለው እነርሱ ዘንድ ነው።

ክፍት ሶፍትዌር የሚሠሩ ባለሙያዎች ለዚህ መልስ አዘጋጅተዋል። ሊኑክስ በተባለው ክፍት ሥርዓተ ክወና በሚሠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ጂኦክሉ የተባለ አገልግሎት አለ፤ ቦታ ማወቅ የሚፈልግ ፕሮግራም በእርሱ በኩል ይጠይቃል። አገልግሎቱ አገርን፣ ከተማን፣ ሰፈርን፣ መንገድንና ትክክለኛውን ቦታ በደረጃ ለይቶ ያውቃል፤ የአየር ጠባይ ለሚነግር ፕሮግራም የከተማው ስም ይበቃዋልና ቤታችን ድረስ የሚመጣበት ምክንያት የለም። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ደግሞ ማይክሮጂ የተባለው ፕሮጀክት የጉግልን የተዘጉ አገልግሎቶች በክፍት ኮድ ይተካል። ኮዱ ክፍት በመሆኑ ምን፣ መቼና ለማን እንደሚላክ ማንኛውም ባለሙያ ገልጦ ሊያነብ ይችላል። የኩባንያን ቃል አምኖ ከመቀመጥ ወደ ራስ ምርመራ መሸጋገር ቀላል ድል አይደለም።

ድሉ የት ላይ እንደሚያበቃ ያሳየን ሞዚላ ነው። ጂኦክሉም የሚጠይቀው ሰርቨር ያስፈልገዋል፤ ለዓመታት የጠየቀውም ፋየርፎክስን የሚያዘጋጀውን ሞዚላን ነበር። ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2013 የራሱን የሎኬሽን አገልግሎት ጀመረ። በጎ ፈቃደኞች ስልካቸውን ይዘው በየከተማው እየተዘዋወሩ መዝገቡን ሞሉለት። የሰርቨሩ ኮድ ክፍት ነበር፤ የሞባይል ማማዎቹም መረጃ ማንም እንዲያወርደው ተለቀቀ። የዋይፋዩ መዝገብ ግን የሰውን ግላዊነት ለመጠበቅ ሲባል አልተለቀቀም። በ2019 ስካይሁክ የፓተንት መብቴ ተነክቷል ሲል ሞዚላ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ተስማማ፤ የአገልግሎቱንም ደንብ ለወጠ። ትክክለኛነቱ እየቀነሰ ሄዶ በመጋቢት 2024 አገልግሎቱ እንደሚዘጋ ተነገረ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሌሎች ሶፍትዌሮች የሚጠቀሙበት በር ተዘጋ። ኮዱ ዛሬም አለ። ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ ግን ያንን የዋይፋይ መዝገብ አይመልስም። ከዚያ ወዲህ ቢኮንዲቢ የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት ተነሥቷል፤ ጂኦክሉም ፊቱን ወደ እርሱ አዙሯል። ፈቃደኞቹ ግን አንድ ጊዜ የተሠራውን ሥራ እንደገና ለመሥራት ተገደዋል።

ይህን ያህል መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው የቦታ መረጃ ስለ ሰው ምን እንደሚናገር ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የሞባይል መረጃ መርምሮ፣ አንድ ሰው በአራት የተለያዩ ሰዓታት የነበረባቸውን ቦታዎች በግምት ማወቅ 95 በመቶዎቹን ከሌላው ሁሉ ለይቶ ለማውጣት እንደሚበቃ አሳይቷል። ስም መሰረዝ ማንነትን አይሸሽግም ማለት ነው። በአሜሪካ ፖሊስ በአንድ ተጠርጣሪ ላይ የ127 ቀን፣ 12,898 የቦታ ነጥቦች ያለ ፍርድ ቤት የብርበራ ፈቃድ ከስልክ ኩባንያ ወስዶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 በ5 ለ4 ድምፅ ለእንዲህ ያለው መረጃ ፈቃድ ያስፈልጋል ብሎ ወሰነ። የት እንደምናመልክ፣ የትኛው ክሊኒክ እንደምንሄድ፣ ከማን ጋር እንደምናመሽ የሚያሳይ መዝገብ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አንዳንዶች «የትልልቆቹን ኩባንያዎች አገልግሎት በነፃ እያገኘነው፣ ያውም ከሁሉ በላይ ትክክለኛ ሆኖ ሳለ፣ ምን ጎደለን?» ይላሉ። ትክክለኛነቱን አልክድም፤ የትልልቆቹ መዝገብ ዛሬ ከክፍቶቹ እጅግ ይሰፋል። ነፃነቱ ግን የባለቤቱ ፈቃድ እስካለ ድረስ የሚቆይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ጉግል የካርታ አገልግሎቱን የዋጋ ሥርዓት ለውጦ በየድረ ገጻቸውና በየመተግበሪያቸው የሚጠቀሙበት ገንቢዎች የክፍያ ሒሳብ እንዲያስመዘግቡ ግድ ሲል፣ ሥራቸውን በነፃው አገልግሎት ላይ የመሠረቱ ብዙዎች መክፈል ወይም መልቀቅ ብቻ ነበር ምርጫቸው። በሰው መሬት ላይ ቤት የሠራ ሰው ውል ሲቀየር ምን እንደሚገጥመው የታወቀ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። መዝገቡ ክፍት ከሆነ ክፉ ሰው ሰውን ይከታተልበታል፤ ሞዚላም የዋይፋዩን መዝገብ ያልለቀቀው በዚህ ምክንያት ነው ይባላል። ስጋቱ እውነተኛ ነው። ሆኖም መዝጋት ስጋቱን እንደማያስወግደው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 አሳይተዋል። የአፕልን የዋይፋይ አገልግሎት ከውጭ ሆነው በመጠየቅ ብቻ ከ2 ቢሊዮን በላይ የማሰራጫ መለያዎችን ከነቦታቸው ሰበሰቡ፤ በጦርነት ላይ ባለችው ዩክሬን የሚንቀሳቀሱ መሣሪያዎችን ጭምር መከታተል ተችሎ ነበር። አፕል ከዚህ በኋላ የዋይፋይ ስሙ መጨረሻ ላይ «_nomap» (ኖማፕ) የሚል ቅጥያ የጨመረን ባለቤት ከመዝገቡ ማውጣት ጀመረ፤ ጉግል ይህን ምልክት ያስተዋወቀው በ2011 ነበር። ስለዚህ ጥበቃው የሚመጣው ከጥሩ ደንብ ነው። ሞዚላ ራሱ ጠያቂው ቢያንስ ሁለት ጎረቤት ማሰራጫዎችን ካላቀረበ ቦታ አይነግርም ነበር፤ የአንድን ሰው ማሰራጫ ብቻ ይዞ መኖሪያውን ማደን አይቻልም ማለት ነው። ከሰው ጋር የሚንቀሳቀስ የስልክ ሆትስፖትም ከመዝገቡ መውጣት አለበት። እንዲህ ያለው ደንብ በአደባባይ ሲጻፍ መከበሩን የሚፈትሽ ብዙ ዓይን ይኖራል።

ሦስተኛው «በጎ ፈቃደኛ ዘላቂ አይደለም፤ የሞዚላም አገልግሎት ወድቋል» የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ ኦፕንስትሪትማፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የተጀመረው ይህ የጋራ ካርታ በ2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ በየዓለሙ የተበተኑ ፈቃደኞች የዋና ከተማዋን የፖርቶፕራንስን መንገዶች በቀናት ውስጥ ሥለውበት የነፍስ አድን ሠራተኞች ተጠቀሙበት። ኦስማንድና ኦርጋኒክ ማፕስ የተባሉት ክፍት መተግበሪያዎች ዛሬ በዚሁ ካርታ ያለ ኢንተርኔት መንገድ ያሳያሉ። የካርታው መረጃ በክፍት ፈቃድ በየሰው እጅ ስላለ አንድ ድርጅት ተነሥቶ ሊዘጋው አይችልም። የሞዚላ መዝገብ የወደቀው ፈቃደኞች ስለሰነፉ ሳይሆን የመዝገቡ ህልውና በአንድ ተቋም በጀትና ውል ላይ ስለተንጠለጠለ ነው።

እኛስ? በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሥራ ላይ የሚያውሉት ተቋማት የሎኬሽን መረጃን ከዋና ዋና ጉዳዮቻቸው እንዲያደርጉት እጠይቃለሁ። በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ ማንኛውም መተግበሪያ በቅድሚያ ክፍት ካርታንና ክፍት የሎኬሽን አገልግሎትን እንዲፈትሽ የግዥ መመሪያ ሊያዝ ይገባል። የኮምፒውተር ሳይንስ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪዎቻቸው ኒዮስተምብለርን በመሰለ ክፍት መተግበሪያ የየከተማቸውን ማማና ማሰራጫ እንዲመዘግቡ ቢያሰማሩ ወጪው አነስተኛ፣ ትምህርቱ ግን ብዙ ነው። አንባቢም ድርሻ አለው፤ የስልኩን ቅንብር ከፍቶ የትኛው መተግበሪያ ትክክለኛ ቦታውን እንደሚወስድ ይመልከት፤ ለማያስፈልገው ይከልክል። ሳተላይቱን ለሁሉም የከፈተው የመንግሥት ውሳኔ ነበር፤ የምድሩን መዝገብም ለሁሉም የሚከፍተው እንዲሁ ውሳኔ ነው፤ ይህኛው ግን እኛም ልንሳተፍበት የምንችለው ነው።