የሱቃችን መደርደሪያና የሕፃን ጉሮሮ

ጁባ ውስጥ ሱቅ ከፍተን የምንኖር ሐበሾች ጥቂት አይደለንም። ከጣፋጭና ከሳሙና ጎን የልጅ መጫወቻ የምንሰቅልም አለን። ላስቲኩ ላይ በቀይ መስመር የተሰረዘ የሕፃን ፊትና «0-3» የሚል ቁጥር ያለባት ትንሽ ክብ ምልክት አለች። ሻጭ ስለ ዋጋው፣ ገዢ ስለ ባትሪው ሲነጋገሩ እሷን ልብ የሚላት የለም።

ልብ ያላትም በሌላ ይተረጉማታል። «የእኔ ልጅ ፈጣን ነው፣ ይችለዋል» ትላለች እናት። ምልክቷ ግን ስለ ጉብዝና አይደለም የምትናገረው፤ ስለ ጉሮሮ ነው። በዚያ ዕድሜ ልጅ ያገኘውን ሁሉ የሚመረምረው በአፉ ነው። የአየር ቧንቧው ጠባብ ነው፣ ሳሉም ጉልበት የለውም። ፈጣን ልጅማ የመኪናዋን ጎማ ነቅሎ ለመጉረስ ከሁሉም ይቀድማል።

አሜሪካ ከ1980 ጀምሮ ለዚህ መለኪያ አላት፦ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አጭር ቱቦ። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የተሠራ መጫወቻ ወይም ከእሱ የተሰበረ ቁራጭ ሙሉ በሙሉ ከገባበት አይሸጥም። ኳስ ላይ ሕጉ ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ በ44.4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለፈ አይፈቀድም። ክብ ነገር ጉሮሮን እንደ ቡሽ ይደፍናልና። እኛ ቤት መለኪያው ባይኖርም ሶፍት ሲያልቅ የሚቀረው ካርቶን አለ። በእሱ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ለሕፃን አይሰጥ።

«መንግሥት ይቆጣጠር» ማለት ተገቢ ነው። ደቡብ ሱዳን የደረጃዎች ቢሮ አላት። ነገር ግን በሞምባሳና በካምፓላ ዞሮ በኒሙሌ የሚገባ ካርቶን ሁሉ ተፈትቶ ይታያል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። የአሻንጉሊቷን ዓይን ሳብ አድርጎ የሚያይ ሰው ካለ ባለሱቁ ነው። «እኔ ባልሸጠው ጎረቤቴ ይሸጠዋል» የሚል መልስ አውቃለሁ። መሸጥ ይቅር አላልኩም። ለስንት ዓመት ልጅ እንደሆነ ጠይቆ ትልልቁንና የማይነቃቀለውን ማውረድ ገበያ አያሳጣም።

መጫወቻውን ብቻ ከስሰን ግን አንለፍ። ቡና ሲፈላ የሚዞረው ቆሎና ለውዝ ምንጣፍ ላይ ለሚድኸው ልጅ አደጋው ከየትኛውም የመጫወቻ መኪና አያንስም። የሰዓት ባትሪ የምትመስለዋ ጠፍጣፋ ባትሪ ደግሞ የምግብ ቧንቧ ላይ ከተቀረቀረች በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። ልጁ ደህና ቢመስልም ወዲያው ሆስፒታል ነው።

ልጅ ትን ሲለው ውኃ ማጠጣትና ጣት መክተት ልማዳችን ነው፤ ጣት ዕቃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በኃይል እያሳለ ከሆነ ይሳል፤ አየር አለው። ድምፁ ከጠፋ፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ፣ ክንድ ላይ በደረቱ አስተኝቶ ራሱን ዝቅ ማድረግና በትከሻዎቹ መሃል 5 ጊዜ በመዳፍ መምታት፤ ካልወጣ ገልብጦ ደረቱ መሃል ላይ 5 ጊዜ መጫን፤ እስኪወጣ ወይም ራሱን እስኪስት መደጋገም። ከዓመት በላይ ላለው በደረቱ ፈንታ ከእምብርቱ በላይ ከኋላ አቅፎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መጫን ነው። አል ሳባህ የሕፃናት ሆስፒታል እስክንደርስ አንጎል ያለ አየር አይቆይም፤ ስለዚህ ይህን ሞግዚቷም፣ ባለሱቁም፣ አባትም ዛሬውኑ ይልመዱት።