የሠርቶ አደሩን ቁጠባ የሚጠብቅ ሕግ

የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት በሠርቶ አደሩ ኑሮ ውስጥ ያላቸውን ሥፍራ ለመረዳት የደመወዝ መክፈያ መዝገብን መመልከት ይበቃል። ለባንክ በዋስትና የሚያስይዘው ቤትም ሆነ መኪና የሌለው ሠራተኛ ከአራጣ አበዳሪ እጅ የሚድነው ከወር ደመወዙ እያስቆረጠ ከጓዶቹ ጋር ባጠራቀመው ገንዘብ ነው። ስለሆነም ይህን ገንዘብ የሚገዛው ሕግ ይሻሻል ሲባል፣ ጉዳዩ የሕግ አዋቂዎች ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

በአገራችን ሠራተኛው ከሕጉ ቀድሞ ነበር። የመጀመሪያው የቁጠባና ብድር ማኅበር በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 241 የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የ1970 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 138 ዋና ትኩረቱ የገበሬው የአምራቾችና የአገልግሎት ማኅበራት ነበሩ። በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 147፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 985 ተከተሉ። አንድ አባል አንድ ድምፅ የሚለው መርህ፣ ገንዘብ ያለው ድምፅ እንዳይገዛ የሚከለክል በመሆኑ፣ ማንም ሊነካው አይገባም እንላለን።

ችግሩ ሌላ ነው። እነዚህ አዋጆች በመሠረቱ ቡና የሚሸጠውን፣ ቤት የሚሠራውንና የሰው ገንዘብ የሚያስቀምጠውን ማኅበር በአንድ ሚዛን የሚመዝኑ ናቸው። ቡናው ቢበላሽ የሚጎዳው የዓመቱ ምርት ነው፤ የቁጠባ ማኅበር ካዝና ቢራቆት ግን የሃያ ዓመት ላብ ይጠፋል። ቀድሞ ቆጣቢዎቹ በአንድ ፋብሪካ የሚውሉ፣ ተበዳሪውን በስሙና በጠባዩ የሚያውቁ ነበሩ። ማኅበሩ ወደ ሰፈርና ወደ ወረዳ ሲሰፋ ይህ መተዋወቅ ይሳሳል፤ የተሳሳውን የሚተካው ቁጥጥር ነው። ታዲያ ማኅበሩን የሚያደራጀው፣ የሚመዘግበውና ሒሳቡን የሚመረምረው ያው አንድ የመንግሥት አካል እንዲሆን ተደርጓል። ይህን ያህል አደራጀሁ ብሎ ሪፖርት የሚያቀርብ አካል፣ ካደራጃቸው መካከል እነእገሌ ተበላሽተዋል ለማለት ምን ያህል ይደፍራል? በ2013 ዓ.ም. የገንዘብ አስቀማጮች መድን ፈንድ በደንብ ቁጥር 482 ሲቋቋምም የታቀፉት ባንኮችና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ነበሩ። የማኅበራቱ ቆጣቢ ከጥላው ውጭ ቀረ።

ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ለቁጠባና ብድር ማኅበራት ብቻ የሚሆን ሕግ አውጥታ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቁማለች። እርምጃው ትክክለኛ ነበር። ይሁንና ማኅበራቱ በጋራ ያቋቋሙት ኩስኮ የተባለው አገር አቀፍ ኅብረት ከእነርሱ ገንዘብ እየተቀበለ ከዚህ ባለሥልጣን ቁጥጥር ውጭ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ የሆነው የሒሳብ ምርመራ ከ13 ቢሊዮን ሽልንግ በላይ መመዝበሩን፣ በሒሳብ መግለጫዎች ላይም የሞተ ኦዲተር ፊርማ መገኘቱን ገለጸ። በሩ ተቆልፎ መስኮቱ ክፍት ቀርቶ ነበር ማለት ነው። እኛም ዘንድ በመሠረታዊ ማኅበራት ላይ የተመሠረቱ ዩኒየኖች ስላሉ፣ አዲስ ሕግ ከታች ብቻ ጀምሮ ከታች ሊያበቃ አይችልም።

በእርግጥ የጥቂት እናቶችን የሰፈር ማኅበር የባንክ ዓይነት ሪፖርት አምጪ ማለት ማፍረስ ነው። ቁጥጥሩ እንደ ተቀማጩ ገንዘብ መጠን ደረጃ ይኑረው። ከሁሉ አከራካሪው የመድኑ አረቦን ነው፤ ከትርፍ ክፍፍል ይቀነስ ወይስ መንግሥት ይደጉመው የሚለው ጥያቄ ረቂቅ ከመጻፉ በፊት በየማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሊቀርብ ይገባል።