መኪናና አማና



ውድ የዚህ ዓምድ ተከታታዮች፤ በዚህ ወር ልንጽፍላችሁ ያሰብነው ስለ አማና፣ ማለትም ስለ አደራ ነበር። ርዕሱን ከመረጥን ሁለት ሳምንት አልፎናል። ኪታቦች ገልጠናል፣ ማስታወሻም ይዘናል። ዳሩ ግን ከዒሻ ሶላት በኋላ ወረቀት ዘርግተን በተቀመጥን ቁጥር ብዕራችን አንዲት መስመር አልጽፍ አለን። ሐሳብ የነጠፈብን መስሎን ነበር። ምክንያቱ ግን ሌላ ኖሯል። ዛሬ የምናወጋችሁ ያንን ምክንያት ነው። ለእኛ የሚያሳፍር ቢሆንም አንባቢ ይማርበታል ብለን እናምናለን።

ነገሩ የሚጀምረው ከመኪና ነው። ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ ባለችው ዋጃ የሚኖር አስተማሪ መኪና ምን ያደርግለታል የሚል አይጠፋም። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ የእግር መንገድ ነው። ነፍስ ግን ስትመኝ ምክንያት አታጣም። የራያ ቆላ ሙቀት ከባድ ነው አልን። እናታችንን ሐኪም ዘንድ የምናደርስበት ያስፈልጋል አልን። ለለቅሶም ለሠርግም ቆቦና ጎብዬ ስንመላለስ ሚኒባስ ጥበቃ ፀሐይ ላይ መቆማችንን ቆጠርን። ያልቆጠርነው አንድ ነገር ቢኖር፣ በመኪና ስናልፍ ተማሪዎቻችን ዞር ብለው እንዲያዩን መፈለጋችንን ነው።

ከደመወዛችንና ከጤፏ ሽያጭ እየቆነጠርን ስምንት ዓመት አስቀመጥን። ነገር ግን እኛ አንድ እርምጃ ስንጠጋ የመኪናው ዋጋ ሁለት እርምጃ ይርቃል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜው በገፋ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለና ቀድሞ የገቡት አሮጌዎች ይበልጥ ተፈላጊ ሆኑ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ወጣ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው አንድ የቆቦ ደላላ ደውሎ አንድ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ መኖሩን የነገረን። ቅዳሜ ሄደን አየነው። በሩ ሲዘጋ ድምፁ ደስ ይላል። ወንበሩ ላይ ተቀምጠን መሪውን ጨበጥን። ባለቤቱ እስከ ዓርብ ጠብቄያችኋለሁ አለ። ከዋጋው ሩቡ ይጎድለናል።

ውድ አንባብያን፤ አሁን ወደ አማናው መጣን። እህታችን ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት እየሠራች ስድስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ከላቧ ያጠራቀመችውን ሪያል በየጊዜው ስትልክ በስማችን በባንክ እናስቀምጥላታለን። ገንዘቡ ለታናሽ ወንድማችን ባጃጅ መግዣ የታሰበ ነው። ልጁ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በነበረው ጦርነት ትምህርቱ ተቋርጦበት ሲቀር፣ ጓደኞቹ አንድ በአንድ በሚሌ አድርገው ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን ተሻገሩ። ያ መንገድ ምን እንደሚመስል አካባቢያችን ያውቀዋል። በ2017 ዓ.ም ሐምሌ ማብቂያ ላይ እንኳ፣ የመን ውስጥ በአብየን የባሕር ዳርቻ አንዲት ጀልባ ሰጥማ ከ90 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ ተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ የአገራችን ልጆች ነበሩ። እህታችንም “እኔ እዚህ ያለሁት እሱ እንዳይመጣ ነው” ትል ነበር።

የባጃጁ ገንዘብ ገና አልሞላም። ስለዚህ ለራሳችን እንዲህ አልን፦ “ይህ ገንዘብ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ነው። ለሦስት ወር ብንጠቀምበትና ብንመልሰው ማን ይጎዳል? የራሳችን እህት አይደለችምን?”

ልብ በሉ፤ ይህን የሚለው በመድረሳ ኪታብ የቀራ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ነው። የአደራን ሕግ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። አደራ ጠባቂ፣ ቸል ሳይልና ወሰን ሳያልፍ ንብረቱ ከእጁ ቢጠፋ አይጠየቅም። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለራሱ ከተጠቀመበት ግን ያን ጊዜ ዳሚን፣ ማለትም ተጠያቂ ይሆናል። “እመልሰዋለሁ” ማለት ፈቃድን አይተካም። ይህን ለልጆች ብናስተምር በአምስት ደቂቃ እንጨርሰዋለን። ለራሳችን ሲሆን ግን ሙሉ ሳምንት አልገባ አለን።

ሐሙስ ማታ እንደ ልማዳችን ወረቀት ፊት ቁጭ ብለን ስናፈጥ ባለቤታችን ቡና ይዛ መጣች።

“ዛሬም እምቢ አለህ?” አለች።

“ስለ አማና የሚሆን መግቢያ አጣን” አልናት።

ስኒውን አስቀምጣ፣ “መግቢያውንማ ኪታብ ውስጥ አትፈልገው። የባንክ ደብተርህን ግለጠው” ብላን ወጣች። ስለ ገንዘቡ ምንም አልነገርናትም ነበር። ከቆቦ ከመጣን ጀምሮ ሌሊት መገላበጣችን በቂ ኖሯል።

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ ጅዳ ደወልን። ሰዓታችን ከእነሱ ጋር አንድ ነው፤ እህታችንም በዚያ ሰዓት ሥራ ሳትጀምር ትገኛለች። ያሰብነውን ሁሉ ሳንደብቅ ነገርናት። ስልኩ ዝም አለ። የተቆጣች መሰለን።

“ወንድምዓለም” አለች በመጨረሻ። “ብትጠይቀኝ ኖሮ እሺ እልህ ነበር፤ አልዋሽህም። ግን ባለፈው ሳምንት ልጁ ደውሎልኝ ነበር። ደላላ አግኝቷል። ባጃጁ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተገዛ እወጣለሁ ብሎኛል። ለአንተ እንዳልናገር አስምሎኝ ነው።”

የወሩ መጨረሻ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። እኛ ሥራ ፈት ነው ብለን የቆጠርነው ሦስት ወር፣ ለካ ልጁ የሌለው ጊዜ ነበር። እህታችን በስድስት ዓመት ልፋት ልታስቀረው የደከመችለትን ወንድሟን፣ እኛ በአንድ አሮጌ ኮሮላ ልንሸኘው ነበር። ስልኩን ዘግተን ብዙ ተቀመጥን። አልሐምዱሊላህ፤ ገንዘቡ ሳይነካ ነው አላህ ያስታወሰን።

ለቆቦው ሰው መኪናውን እንደተውነው ነገርነው። ከዚያም ለመኪና ካስቀመጥነው ላይ ለባጃጁ የጎደለውን ሞላን። በወለድ ከሚያበድር ሰው ደጅ መቆም አላስፈለገንም። እንዲህ ያለ ወንድም ለሌለው ሰው ግን ዛሬ ሌላ መንገድም አለ። በ2013 ዓ.ም ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ሌሎችም ባንኮች ይህንኑ አገልግሎት እየሰጡ ነው። ሙራበሃ የሚባለው አሠራር ባንኩ ዕቃውን አስቀድሞ ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ ተናግሮ፣ በተወሰነ ዋጋ ለደንበኛው በጊዜ ክፍያ የሚሸጥበት ነው። ባንኩ ዕቃውን የራሱ ሳያደርግ ገንዘብ ብቻ ቢሰጥና ጭማሪ ቢቀበል ግን ስሙ ቢለወጥም ያው ወለድ ነው። ስለዚህ ውሉን አንብቦና ጠይቆ መፈረም ያስፈልጋል።

ለወንድማችን የሰጠነውን ብድር በወረቀት አሰፈርነው። የጁምዓ ሶላት እንዳበቃ ሁለት ምስክር ጠርተን ስናስፈርመው ልጁ ቅር አለው።

“በወንድማማች መካከል ደግሞ ወረቀት?” አለ።

በቁርኣን ውስጥ ከአንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የትኛው እንደሆነ ጠየቅነው። አላወቀም። በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ነው፤ የሚናገረውም ብድር ስለ መጻፍና ስለ ማስመስከር ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ ባለበት ሰው ጀናዛ ላይ ራሳቸው ከመስገድ ተቆጥበው፣ አቡ ቀታዳ ዕዳውን በእኔ ላይ ይሁን ካሉ በኋላ እንደሰገዱ በሐዲስ ተላልፏል። ወረቀቱ የተጻፈው ልጁን ስላላመንነው አይደለም። እኛ ብንሞት ልጆቻችን ያለ አግባብ እንዳይጠይቁት፣ እሱም ቢረሳ በመካከላችን ቅሬታ እንዳይገባ ነው። ደግሞም ሳንጽፍና ሳንጠይቅ “የራሳችን ነው” ማለት ወዴት እንደሚወስድ በዚያው ሳምንት በራሳችን ላይ አይተናል።

ባጃጁ ወሩ ሳያልቅ መጣ። ተሽከርካሪ ለመግዛት ለምታስቡ ወንድሞችና እህቶች ከዚህ ያገኘነውን እናካፍላችሁ። ዋጋው የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው፤ ቦሎ በየዓመቱ አለ፤ ጎማና ዘይት አለ። የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም ሐምሌ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ፣ በ2017 ዓ.ም አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር አልፏል። እንግዲህ መኪናው ሠርቶ ራሱን የሚያበላ ነው ወይስ እናንተ የምታበሉት? ይህን አስቀድማችሁ አስሉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የምትገዙበት ገንዘብ የማን እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን ወንድማችን ከንጋት ጀምሮ ዋጃ ውስጥና በዙሪያዋ ይሠራል። በገበያ ቀን የማሽላ ከረጢት ከነባለቤቱ ጭኖ ሲያልፍ እናየዋለን። እናታችንን ሐኪም ዘንድ የሚያደርሳት እሱ ነው። እኛም አንዳንድ ቀን እንሳፈራለን፤ ሂሳባችንን እንከፍላለን። መጀመሪያ አልቀበልም ብሎ ነበር፤ “ወረቀቱ ላይ ነፃ ጉዞ አልተጻፈም” ስንለው ስቆ ተቀበለ። በየወሩ ዕዳውን ሲከፍል ከወረቀቱ ጀርባ እንፈርምለታለን። እስካሁን አራት ፊርማ ሞልቷል።

ስለ አማና ልንጽፍ ያሰብነው ማስታወሻ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ። ሐሳብ ነጠፈ ብለው ለሚጨነቁ ወጣት ጸሐፊዎች ግን ይህን እንላለን፤ ብዕር እምቢ ሲል አንዳንዴ ልንጽፈው የሚገባ ነገር በቤታችን ተቀምጦ፣ እኛ ልናየው ያልፈለግነው ይሆናል።

የሰው አደራ በእጃችሁ ካለ ዛሬውኑ ደውላችሁ ባለቤቱን አነጋግሩት። እስከሚቀጥለው ወር በአላህ ጥበቃ ሥር ሁኑ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።